ካሣ የደም ዋጋ ነውን?

በዚህች መጽሔት ላይ በየዓመቱ ስለ ትምህርትና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ይጻፋል። እኔ ዘንድሮ በቤተ ሰባችን ስለ ደረሰ ነገር መጻፌ ኀዘናችንን ለማውራት ሳይሆን፣ ከኀዘኑ የተማርሁት ነገር ለሌላም ቤት ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው።

አምና የአክስቴ ባል መንገድ ሲያቋርጡ የጭነት መኪና ገጭቷቸው ሞቱ። ሦስት ልጆች ትተዋል፤ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም ነበር። ከአርባው በኋላ ሽማግሌዎች መጥተው የመኪናው ባለቤት ለተዝካሩ ጥቂት ገንዘብ እንደሚሰጥና አክስቴም ከእንግዲህ ሌላ ላይጠይቁ በወረቀት ላይ እንዲፈርሙ ለመኗቸው። አክስቴ «የባሌን ደም አልሸጥም» ብለው ገንዘቡንም ወረቀቱንም መለሱ። ዘመድ ሁሉ አመሰገናቸው። ነገር ግን ጥቂት ወራት እንዳለፈ ትልቁ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ፍለጋ መዞር ጀመረ። ይህን ለሥነ ዜጋ መምህራችን ብነግራቸው የፍትሐ ብሔር ሕግን መጽሐፍ አውጥተው አስነበቡኝ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ ነው። ባለቤቱ መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ካስረዳ ግን ይድናል። የሟቹ ጥፋት ካለበትም ኃላፊነቱ ሊቀርለት ወይም ሊቀነስለት ይችላል።

ካሣ የመጠየቅ መብት ያላቸውን ቁጥር 2095 ይዘረዝራል፤ እነርሱም ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና አያቶች፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ካሣውም የሚሰጠው በቀለብ መልክ ነው። ስለ ኀዘኑ፣ ማለት ስለ ሕሊና ጉዳት፣ የሚሰጠው ግን ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ሕጉ ወስኗል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አስተውል! ሕጉ ራሱ ለእንባ ዋጋ ሊያወጣለት አልፈለገም፤ የሚያሰላው ሟቹ ያገኙት የነበረውን ገቢና የልጆቹን እንጀራ ነው።

ከዚህም በላይ ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ግዴታ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ለአንድ ሰው ሞት ከ5,000 ብር ያላነሰ፣ ከ40,000 ብር ያልበለጠ እንዲከፈል ወስኖ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ልክ በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ በሥራ ላይ ያለውን መጠየቅ ይገባል። መድኑ ያልሸፈነውን ጉዳት ደግሞ ከባለቤቱ መጠየቅ ይቻላል። አዋጁ ገጭቶ ላመለጠና ላልታወቀ መኪናም የመድን ፈንድ አቋቁሟል።

ክስ ለማቅረብ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ የሞት፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ እንዲሁም የሟቹን ገቢ የሚያሳይ ወረቀት ወይም ምስክር ያስፈልጋል። ጊዜውም እንደ ዋና ደንብ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ጊዜ ከሰጠ ግን ያ ጊዜ ይጸናል። ቢሆንም የዘገየ ሰው ምስክሩ ይበተንበታል። ሽምግልና መልካም ባህላችን ነው፤ ዳሩ ግን በእርቅ ጊዜ የተፈረመ ወረቀት ኋላ በፍርድ ቤት እንደ ውል ስለሚቀርብ፣ ሳያነቡና ሳያማክሩ መፈረም አይገባም።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ባነበብሁላቸው ጊዜ ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያ ይህ የእርሱ ደም ሳይሆን እርሱ ቢኖር ኖሮ ለልጆቹ ያመጣው የነበረው እንጀራ ነዋ» አሉ። በማግሥቱ ወረቀቶቹን ሰብስበን ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ክሱ ዛሬ በቀጠሮ ላይ ነው።

ወላጆችና ጓደኞቼ ሆይ፣ እንዲህ ያለው አደጋ ከማንም ቤት አይድረስ! ከደረሰ ግን የሟቹን ክብር የሚጠብቀው የልጆቹ መራብ አይደለምና፣ መብትን መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ ለጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ንገሩልኝ።