ፈጣሪን መመርመርና ሃይማኖትን መምረጥ

በዚህ ዓመት አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ሁለት የክፍላችን ልጆች ስለ ሃይማኖት ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው «የኔ ሃይማኖት እውነተኛ ነው፤ አባቴ ነግሮኛል» አለ። ሁለተኛውም «እኔም እኮ አባት አለኝ» ሲል መለሰለት። ሁላችንም ሳቅን፤ ደወሉም ተደውሎ ወደ ክፍላችን ገባን። ነገሩን ቈይቼ ሳስበው ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም። ልጅ የአባቱን ቃል ማክበሩ ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን የሁለት አባቶች ቃል ሲለያይ ዳኛው ማን ነው?

ይህንኑ ጥያቄ የዘርዐ ያዕቆብ «ሐተታ» የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ያነሣዋል። ታሪኩ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1622 ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ስለ ተቀበሉ አገሩ ተከፋፍሎ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በአክሱም አገር የተወለደው መምህር ዘርዐ ያዕቆብም በንጉሡ ዘንድ ስለ ተከሰሰ ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ውስጥ እንደ ኖረ መጽሐፉ ይተርካል።

በዋሻው ውስጥ በመጀመሪያ የመረመረው ፈጣሪ መኖሩን ነው። ሐሳቡም ባጭሩ እንዲህ ነው፤ እኔን ወላጆቼ ወለዱኝ፤ እነርሱንም ወላጆቻቸው። ይህ ሐረግ ወደ ኋላ ሲሳብ ወላጅ ወደሌላቸው ሰዎች ያደርሳል። እነርሱ ራሳቸውን ሊፈጥሩ አይችሉም፤ ስለዚህ ያልተፈጠረ ፈጣሪ መኖር አለበት። በዚህ ያልረኩ ሊቃውንት አሉ። ለምሳሌ የስኮትላንዱ ዴቪድ ሂዩም ከሞተ በኋላ በ1779 በታተመ መጽሐፉ፣ ሐረጉ መጀመሪያ ሳይኖረው እንዲሁ ቢቀጥልስ የሚል ጥያቄ አንሥቷል። ተማሪ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ሊመዝን ይገባዋል።

ሁለተኛው ምርመራ ከፊተኛው ይከብዳል። ፈጣሪ አለ ያለ ሰው ገና ሃይማኖት አልመረጠም። ሁሉም «የኔ ቀና ነው» ይላል፤ ዳኛ የሚሆነውም ሰው ከነዚያው ወገኖች የአንዱ ነው። ስለዚህ ዘርዐ ያዕቆብ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠውን ልቡና ዳኛ አደረገ። ሰዎች ሁሉ የሚስማሙበትን ተቀበለ፤ የሚለያዩበትን ግን ከፍጥረት ሥርዐት ጋር አስተያየ። በዚህም ሚዛን ባሪያ መሸጥን ነቀፈ፤ ሰው ሁሉ እኩል ነውና። ያደገበትንም ወገን አልማረም፤ ምንኵስናን የጋብቻን ሥርዐት ያፈርሳል ብሎ ተቸ። ሆኖም በኋላ በእንፍራዝ ሲኖር ለሰዎች ክርስቲያን መስሎ ይታይ ነበር እንጂ የልቡን አልገለጠም። በጦር ዘመን የሚያስብ ሰው ምን ያህል ብቸኛ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ስለ መጽሐፉም ክርክር አለ። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የኢጣልያ ሚሲዮናዊ በ1853 ወደ ፓሪስ ላከው። በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ «የጻፈው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው» አለ፤ ክሎድ ሳምነር ግን የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተሟገተ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ነገር ግን ሐሳብ የሚመዘነው በጸሐፊው ስም ሳይሆን በራሱ ክብደት ስለ ሆነ፣ ማንም ይጻፈው ማን ጥያቄው ለእኛ ይጠቅመናል።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ይህን የጻፍሁት የወላጆችህን ሃይማኖት እንድትተው አይደለም። መርምሮ በዚያው የሚጸና ሰው እምነቱ ከአባቱ የተቀበለው ብቻ ሳይሆን የራሱም ይሆናል። ወላጆቻችንንም የምንለምነው ስንጠይቃቸው እንደ ካድን እንዳይቈጥሩብን ነው። የሱስንዮስ ዘመን እንዳስተማረን በዐዋጅ የገባ እምነት በዐዋጅ ይወጣል። ሁለቱ ጓደኞቻችን ዛሬም በአንድ ወንበር አጠገብ ላጠገብ ይቀመጣሉ፤ እንግዲህ ዳግመኛ ሲከራከሩ «አባቴ ነግሮኛል» ከማለት አልፈው «አባትህ ምን ምክንያት ሰጡህ?» ተባብለው ቢጠያየቁ ሁላችንም እንማር ነበር።