ከሐይቅ ወደ ህዋ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብንሄድ ሐይቅ ከተማ እንደርሳለን። ጉዞውን ብንቀጥል ውጫሌን፣ ከዚያም መርሳን አልፈን ወልድያ እንገባለን። ከደሴ ወልድያ በጠቅላላው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሁን ይሄንን መንገድ በሃሳባችን ከመሬት እንንቀለውና ቀጥ አድርገን ወደ ሰማይ እናቁመው። መርሳን አለፍ እንዳልን፣ ወልድያ ሳንደርስ፣ ህዋ ውስጥ ነን። ረዳቱ "ህዋ ወራጅ አለ?" ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ቀልድ አይደለም። ብዙ ባለሙያዎች የምድር ከባቢ አየር አብቅቶ ህዋ የሚጀምርበት ብለው የተስማሙበት ከፍታ 100 ኪሎ ሜትር ነው። አለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ደግሞ የሚበረው 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ያለውን የመኪና መንገድ ያህል ማለት ነው። ማለዳ ደሴ ላይ አውቶብስ የተሳፈረ ሰው ማታ አዲስ አበባ ይገባል።

እስኪ አንዲት የሐይቅ ልጅ እናስብ። አስራ አምስት ዓመቷ ነው እንበል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት ፀሐይ በጨረቃ ስትሸፈን ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ያን ቀን ላሊበላ ላይ ጨረቃ የፀሐይን መሃል ሸፍና የእሳት ቀለበት ብቻ ስታስቀር፣ ሐይቅ ላይም አብዛኛው የፀሐይ ክፍል ተሸፍኖ ብርሃኑ ደብዘዝ ብሎ ነበር። ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጠፈርተኛ ነው የምሆነው" ትላለች። እናቷ ሳቅ ብለው "እሺ ልጄ፣ እስከዚያው ውሃውን ቅጂ" ይሏታል። የክፍል ጓደኞቿማ ስም አውጥተውላታል።

ህዋ ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ፣ ልጅቷን ከዚያ የሚያስቀራት ምንድን ነው?

የመጀመሪያው መልስ ርቀቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ይህን ለመረዳት ከሐይቅ ብዙም ሳንርቅ አምባሰል እንሂድ። የማሽላ ማሳ የጠበቀ ልጅ ወንጭፍን ያውቃል። እንግዲህ ልጁ ከማማው ወርዶ፣ ወንጭፉን ይዞ አንዱ የአምባሰል አምባ ጫፍ ላይ ወጣ እንበል (ግሸን ላይ ግን አይሆንም፣ የተከበረ ቦታ ነው፤ ከስርም ሰው አለ)። ድንጋዩን ፊት ለፊት ይወነጭፋል። ድንጋዩ ወደ ፊት እየሄደ በዚያው ልክ ይወድቃል። በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 5 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የትኛውም ድንጋይ፣ ቀስ ብሎም ተወረወረ በኃይል፣ የመጀመሪያ ሰከንድ አወዳደቁ ያው ነው። በኃይል የተወረወረው ከመውደቁ በፊት ራቅ ብሎ ይሄዳል እንጂ።

አሁን ምድር ክብ መሆኗን እናስታውስ። ሜዳ የሚመስለን መሬት ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ቀስ እያለ ይጎብጣል። ከአንድ ቦታ ተነስተን ፍጹም ቀጥ ባለ መስመር 8 ኪሎ ሜትር ብንሄድ፣ የምድር ገጽ ከእግራችን ስር 5 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እናገኘዋለን። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጓቸው፤ በአንድ ሰከንድ 5 ሜትር መውደቅ፣ በ8 ኪሎ ሜትር 5 ሜትር መጉበጥ። ስለዚህ ድንጋዩ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በወደቀ ቁጥር መሬቱም በዚያው ልክ እየሸሸው፣ ሳያርፍበት ምድርን ዞሮ በጀርባችን በኩል ይመጣል። ምህዋር ማለት ይሄው ነው፤ መውደቅ ሳያቆሙ አለመድረስ። አይዛክ ኒውተን ከ300 ዓመታት በፊት ይህንኑ ነገር ከረጅም ተራራ ላይ በሚተኮስ መድፍ አስረድቶ ነበር። እኛ የራሳችን አምባ ስላለን የሱን ተራራ መዋስ አላስፈለገንም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት "ህዋ ላይ ስበት ስለሌለ" አይደለም። በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የምድር ስበት መሬት ላይ ካለው 90 በመቶ ገደማ ነው። የሚንሳፈፉት እነሱም፣ ጣቢያውም፣ የሚጠጡት ውሃም አብረው እየወደቁ ስለሆነ ነው። ፈተና ላይ "ስበት የለም" ብላችሁ የጻፋችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም።

ወደ ወንጭፉ እንመለስ። ጎበዝ ወንጫፊ ድንጋዩን በሰከንድ 40 ሜትር ቢያስፈነጥረው፣ ለምህዋር የሚያስፈልገው ፍጥነት የዚያ 200 እጥፍ ነው። የሚያስፈልገው ጉልበት ግን 200 እጥፍ አይደለም። ጉልበት በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ 40,000 እጥፍ ይሆናል። ከፍታው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ዕቃ ጣቢያው ያለበት ከፍታ ድረስ ለማንሳት ከሚያስፈልገው ጉልበት ይልቅ፣ ያንኑ ዕቃ እዚያ ላይ በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ለማስኬድ የሚያስፈልገው 8 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ሮኬት ከተነሳ በኋላ ወደ ጎን ማዘንበል የሚጀምረው ለዚህ ነው። አብዛኛው ስራው መውጣት ሳይሆን መሮጥ ነው። ደግሞ የሚያቃጥለውን ነዳጅ ራሱ ተሸክሞ መሮጥ አለበት፤ ያንን ነዳጅ ለመሸከም ሌላ ነዳጅ፣ ለሱም ሌላ። በዚህ የተነሳ ሶዩዝ የተባለው የሩሲያ ሮኬት ሲነሳ ወደ 300 ቶን ይመዝናል፤ ምህዋር የሚያደርሳት ሰው የምትጭነው መንኮራኩር ግን 7 ቶን ገደማ ናት።

በነገራችን ላይ ሐይቅ ለዚህ ነገር መጥፎ ቦታ አይደለችም። ምድር ስለምትሽከረከር፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ያለችው ሐይቅ ቁጭ ብላ በሰከንድ ከ450 ሜትር በላይ ወደ ምስራቅ ትጓዛለች። ወደ ምስራቅ የሚተኮስ ሮኬት ይህንን ፍጥነት በነጻ ያገኛል። ችግሩ በስተምስራቅ አፋር መኖሩ ነው። የሮኬት ቁርጥራጭ የሚወድቀው ሰው ላይ እንዳይሆን ብዙ ሀገሮች የማስወንጨፊያ ጣቢያቸውን ባህር ዳርቻ ላይ ያደርጋሉ።

ፊዚክሱ ከባድ ነው፣ ግን ተፈቷል። እስካሁን ከ600 በላይ ሰዎች ህዋ ደርሰዋል። ኢትዮጵያዊ ግን የለበትም። ሁለተኛው እንቅፋት እንግዲህ እዚህ ነው፤ ማን ይመረጣል?

ብዙ ሰው የሚያስበው ናሳን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ናሳ ማስታወቂያ ሲያወጣ ከ12,000 በላይ ሰዎች አመለከቱ። የተመረጡት 10 ናቸው። ለማመልከት ብቻ የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል፤ በሳይንስ፣ በምህንድስና ወይም በመሳሰሉት ሁለተኛ ዲግሪና የስራ ልምድም እንዲሁ። ሆዜ ሄርናንዴዝ የሚባለው ጠፈርተኛ የሜክሲኮ ስደተኛ ገበሬዎች ልጅ ነው። ልጅ ሆኖ ከቤተሰቡ ጋር በካሊፎርኒያ እርሻዎች ላይ አትክልት ይለቅም ነበር፤ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ መናገር የጀመረው በ12 ዓመቱ ግድም ነው። ናሳ 11 ጊዜ መለሰው። 12ኛው ላይ ተቀበለው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በዲስከቨሪ መንኮራኩር ህዋ ወጣ። ታሪኩ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን አንርሳ፤ 11 ጊዜ ማመልከት የቻለው ዜግነቱ ስለፈቀደለት ነው። የሐይቋ ልጅ አንድ ጊዜም ማመልከት አትችልም።

ሌላ በር ነበር፣ አሁን ግን ብዙዎች ረስተውታል። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ሶቭየት ህብረት የወዳጅ ሀገሮችን ሰዎች በራሷ መንኮራኩር ትወስድ ነበር። ቬትናም በ1980፣ ሞንጎሊያ በ1981፣ አፍጋኒስታን በ1988 ሰው የላኩት በዚህ መንገድ ነው። በመስከረም 1980 የወጣው ኩባዊው አርናልዶ ታማዮ ሜንዴዝ ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ፣ በ13 ዓመቱ ጫማ እየጠረገ የሚኖር ሊስትሮ ነበር። ከአፍሪካ የዘር ሐረግ ካላቸው ሰዎች ህዋ ለመውጣት የመጀመሪያው እሱ ነው። ያኔ ኢትዮጵያም የሶቭየት ወዳጅ ነበረች፤ ወንበር ግን አልደረሳትም። ይህን ሳስብ ትንሽ ይቆጨኛል።

ሦስተኛው በር ገንዘብ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2002 ከፍሎ ወጥቷል፤ ሚሊየነር ለሆነ ይህ ይሰራል። ሚሊየነር ያልሆነው የሀገሩ ልጅ ማንድላ ማሴኮ፣ በፕሪቶሪያ አቅራቢያ ሶሻንጉቬ የሚኖር ዲጄ፣ በ2013 በውድድር የህዋ ጉዞ አሸነፈ። "አፍሮኖት" እየተባለ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞረ ልጆችን ያነጋግር ነበር። መንኮራኩሩን ይሰራ የነበረው ኩባንያ በ2017 ከሰረ። ማሴኮ በ2019 በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ፤ ህዋን ሳያይ።

የእኛዎቹስ? ቅጣው እጅጉ በ1940 ዓ.ም. ቦንጋ፣ ከፋ ውስጥ ተወለደ። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተማረ፣ ጃፓን ሄዶ ምህንድስና አጠና፣ ከዚያ አሜሪካ ተሻግሮ ለናሳና ለቦይንግ የመንኮራኩርና የሳተላይት መሐንዲስ ሆነ። እሱ ራሱ ወደ ህዋ አልወጣም፤ በ1998 ዓ.ም. አረፈ። ግን ልብ በሉ፤ አንድ ሰው ህዋ ሲወጣ መሬት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለዚያ ጉዞ ይሰራሉ። ብየዳውን የሚፈትሽ፣ ሶፍትዌሩን የሚጽፍ፣ ምህዋሩን የሚያሰላ። ከከፋ ጫካ ተነስቶ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ከ1940ዎቹ ሆነን ብናየው ከጠፈርተኝነት የሚያንስ ህልም አይመስልም።

እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ 47 ሰዎች አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን መሰረቱ። ብዙ ሰው እንደ እብድ ነበር ያያቸው። "ሕዝቡ የሚበላው ሳይኖር ምን ህዋ ነው?" የሚል ጥያቄ ከባለስልጣን እስከ ታክሲ ውስጥ ተነሳባቸው። ጥያቄው በእኔ ግምት መጥፎ ጥያቄ አልነበረም፤ በተለይ 66ንና 77ን ላየ ወሎዬ። መልሱ ግን ከተጠያቂው ወገን ነው። ዝናብ ሲቀር የማሳው አረንጓዴ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚያየው ሳተላይት ነው፤ ገበያ ላይ እህል ከመወደዱ፣ ሰው ከመሰደዱ በፊት። ሶሳይቲው አላረፈም። በ3,200 ሜትር ከፍታ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኦብዘርቫቶሪው ተመረቀ። ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ንጋት ላይ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲ አር ኤስ ኤስ-1 ከቻይና ወጣች። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ እርሻንና አካባቢን የምትቃኝ። በአብዛኛው በቻይና ገንዘብ ነው የተሰራችው፤ ይሄንንም መደበቅ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ መሐንዲሶች ግን ስራው ውስጥ ነበሩ።

እና የሐይቋ ልጅ? ምርጫውን ከናሳ 1 ለ1,200 ጋር ከማስላታችን በፊት ቅርቡን በር እንይ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በቀጣዩ ዓመትም ብዙ አልተሻሻለም። የሐይቅና የአምባሰል ተማሪዎች ደግሞ ጦርነት ትምህርት ቤት ድረስ የመጣባቸው ናቸው። ስለዚህ ለእሷ የመጀመሪያው ሮኬት የፊዚክስና የሒሳብ መጽሐፉ ነው፤ ቤተ ሙከራ ባይኖርም ወንጭፍ አለ። ቀጥሎ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከቤቷ በሚኒባስ የሚደረስ ነው፤ ሜካኒካልና ኤሌክትሪካል ምህንድስና ይሰጣል። ሳተላይት የሚሰራው በእነዚህ ሁለቱ ነው። ጠፈርተኛ የመሆን ዕድሏ ጠባብ መሆኑን አልደብቃትም። ሳተላይት የመስራት ዕድሏ ግን ጠባብ አይደለም፤ ከሃያ ዓመት በፊት ይህ በር ራሱ አልነበረም።

እስከዚያው ጣቢያውን በዓይኗ ማየት ትችላለች፤ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ግድም ወይም ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ከከተማው መብራት ራቅ ብሎ ወደ ሐይቁ ዳር መውጣት ነው (መብራት ከጠፋ እንዲያውም ይሻላል)። በየቀኑ አይታይም፤ ጥቂት ቀናት መሞከር ያስፈልጋል። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አውሮፕላን ነው። ጣቢያው ከብዙዎቹ ከዋክብት የደመቀ፣ የማይርገበገብ ነጭ ነጥብ ሆኖ ከምዕራብ በኩል ብቅ ይልና በአራት በአምስት ደቂቃ ሰማዩን አቋርጦ ያልፋል። ውስጡ ሰዎች አሉ። የደሴና የአዲስ አበባን ርቀት የሚጨርሱት በ52 ሰከንድ ነው።