ጉበቱ ደህና፣ ደሙ በአሞኒያ የተመረዘ

ሳንባ የተተካለት ሕመምተኛ እያገገመ ሳለ፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ወር፣ ድንገት መቀባዠር ይጀምራል። ከዚያ ያንቀጠቅጠዋል፤ ራሱን ይስታል፤ አንጎሉም ያብጣል። ደሙ ሲመረመር የአሞኒያው መጠን ከልክ አልፏል። አሞኒያን ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት እንዲወጣ የሚያደርገው ጉበት ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም እሱ ነው። የእነዚህ ሕሙማን ጉበት ግን ደህና ሆኖ ይገኛል።

የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ ችግር ከ145 የሳንባ ተቀባዮች በ6ቱ ላይ ታይቶ አብዛኞቹን ገድሏል። ለዓመታት በዘር የሚወረስ የኤንዛይም ጉድለትም ሕሙማኑ የሚወስዷቸው መድኃኒቶችም ተጠርጥረዋል። ሕክምናው አሞኒያውን በዲያሊሲስ ማጠብና ፕሮቲን መቀነስ ነበር። አሞኒያው ግን ይመለሳል፤ ምንጩን የነካው የለምና።

እ.ኤ.አ. በ2015 በቺካጎው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን ምንጩን አገኘ፦ ዩሪያፕላዝማ። በብዙ ጤናማ ሰዎች የመራቢያ አካል ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖር፣ እጅግ ጥቃቅን ባክቴሪያ ነው። ኃይል የሚያገኘው ዩሪያን ሰባብሮ ሲሆን ተረፈ ምርቱ አሞኒያ ነው። ጉበት ያከሸፈውን መርዝ መልሶ መርዝ ያደርገዋል ማለት ነው። ዘመዱ ማይኮፕላዝማ ሆሚኒስ ደግሞ አርጂኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሰባብሮ እዚያው ይደርሳል። ብዙ ጊዜ የሚገባው ከለጋሹ ሳንባ ጋር ነው፤ የተቀባዩ የመከላከል አቅም ደግሞ አዲሱን አካል እንዳይገፋ ሆን ተብሎ በመድኃኒት ተዳክሟል።

ዩሪያፕላዝማ ይህን ያህል ዘመን የተሰወረው የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ነው። ባክቴሪያን ለመለየት የሚውለው የግራም ቀለም አይዘውም፤ በተለመደው የላቦራቶሪ ማብቀያም አይታይም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጡት የፔኒሲሊን ዘመዶችና ቫንኮማይሲን ዒላማቸው ያው ግድግዳ ስለሆነ ተቀናቃኞቹን ጠርገው እሱን ይተዉታል። የሚያጋልጠው ፒሲአር የተባለው የዘረመል ምርመራ ወይም ልዩ ማብቀያ ነው፤ ያም ቢሆን ጠርጥሮ ለጠየቀ ሐኪም ብቻ።

የዩሪያፕላዝማ መድኃኒቶች አዚትሮማይሲን፣ ዶክሲሳይክሊንና ሌቮፍሎክሳሲን ናቸው፤ የትም ፋርማሲ የሚገኙ። የተላመዱ ዝርያዎች ስላሉ አንዳንዶች ከእነዚህ ሁለቱን አጣምረው ይሰጣሉ። መድኃኒት ለመጀመር የምርመራ ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ ግን፣ በእኔ እይታ፣ አንጎልን አሲዞ መቆመር ነው።

ችግሩ አልፎ አልፎ በኩላሊት ተቀባዮችም ላይ ስለታየ፣ በ2008 ዓ.ም. ኩላሊት መተካት በጀመረው በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም ሊታወቅ የሚገባው ነው። በሳንባ ማዕከላት ያልተቋጨው ክርክር፣ ለጋሾችን ሁሉ አስቀድሞ መመርመር ይሻላል ወይስ ምልክት ሲታይ መፍጠን የሚለው ነው።