3 ነው ወይስ 8?

ዛሬ ስለ ካሜራ ቃላት እጽፋለሁ። መጽሐፍ ለሁላችንም ስለማይደርስ ገጹን በስልክ አንስተን በቴሌግራም እንላላካለን አይደል? ባለፈው የሒሳብ የቤት ሥራ ሲላክ ታዲያ ግማሹ የክፍላችን ልጅ ኤክስፖነንቱን «3 ነው»፣ ግማሹ «8 ነው» ብሎ ሠርቶ መጣ። ሁሉም ያየው ያንኑ አንድ ፎቶ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከካሜራው ሌንስ ኋላ ሴንሰር የሚባል ብርሃን የሚቀበል ትንሽ ቁራጭ አለ። ያየውን በጥቃቅን ነጥቦች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ብርሃንና ቀለም ወደ ቁጥር ይለውጣል። አንዷ ነጥብ ፒክስል ትባላለች። የነጥቦቹ ብዛት ሪዞሉሽን ነው። 4000 በ3000 ሲባዛ 12 ሚሊዮን ይመጣል፤ ስልክ ሻጮች «12 ሜጋፒክስል» የሚሉት እሱን ነው።

አንድ ነጥብ ውስጥ የገባ ነገር ተለይቶ አይታይም። ይሄ ለሳተላይትም ያው ነው። ሀገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና ስታነሳ፣ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 14 ሜትር በ14 ሜትር ገደማ ነበረች። የኛ ክፍል 7 በ8 ሜትር ስለሆነ ሦስት ክፍል በአንድ ነጥብ ይገባል ማለት ነው! የዳሞታ ተራራና አባያ ሐይቅ ደህና አድርገው ይታያሉ፤ እኛ ግን ሰልፍ ላይ ሆነን እጃችንን ብናወዛውዝ ማንም አያየንም።

ወደ ቤት ሥራው ልመለስ። 40 መስመር ያለው ገጽ በ4000 ነጥብ ቁመት ሲነሳ ለአንድ መስመር 100 ነጥብ ይደርሰዋል። ቴሌግራም ግን እንደ ፎቶ ሲላክ ሜጋባይት እንዳይበላ ያሳንሰዋል፤ ረጅሙ ጎን ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ይወርዳል። ለ40 ስታካፍሉት 32! ያውም ባዶውን ቦታ ጨምሮ። በትንሹ የሚጻፈው ኤክስፖነንትማ 10 ነጥብ ቢደርሰው ነው፤ 3ን ከ8 የሚለየው በግራ በኩል ያለው ክፍተት ደግሞ አንድ ሁለት ነጥብ። «ሉ»ና «ሊ»ም እንደዚሁ ይምታታሉ። በጣት ዙም ማድረግ ያሉትን ነጥቦች ያተልቃል እንጂ አዲስ ነጥብ አይጨምርም።

ቪዲዮ ይብሳል። ቪዲዮ ማለት ፍሬም የሚባሉ ፎቶዎች ቶሎ ቶሎ ሲፈራረቁ ነው፤ በሀገራችን ቴሌቪዥን በሴኮንድ 25፣ በስልክ ብዙውን ጊዜ 30። ፉል ኤችዲ በሚባለው አንዱ ፍሬም 1920 በ1080 ነው፣ ሲባዛ 2 ሚሊዮን ገደማ። ስለዚህ ሰሌዳውን በቪዲዮ ቀርጾ፣ አስቁሞ ከማንበብ አንድ ፎቶ ይሻላል።

ስታነሱ ቀን፣ መስኮት አጠገብ ይሁን፤ ብርሃን ሲያንስ ሴንሰሩ ይሳሳትና ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ሲላክ «ፋይል» የሚለውን መምረጥ ነጥቦቹን ሳይቀንስ ያደርሳል፣ ግን ካርድ ይበላል፤ ስልኩ ደግሞ የታላላቆቻችን ነው። ርካሹ ዘዴ ስልኩን አግድም ይዞ ገጹን ለሁለት ከፍሎ ማንሳት ነው። እንደ ፎቶ ቢላክ እንኳ ለአንድ መስመር ወደ 45 ነጥብ ይደርሰዋል።