ከባቄላው ጀርባ ያለው በሬ

«ጾማችን ለእንስሳት ከማዘን የመጣ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ሥጋና ወተት የሚተወው ፈቃደ ሥጋን ለመግታትና ለንስሐ እንጂ ማረድ ኃጢአት ስለሆነ አይደለም። 55 ቀን የተጾመለት ፋሲካ የሚፈሰከውም በበግና በዶሮ ነው።

«እህልና ጥራጥሬ ብቻ የሚበላ ሰው የእንስሳ ዕዳ የለበትም» የሚለው ደግሞ ጣርማ በር ላይ አይሠራም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚህ ውርጫም ደጋ የሚዘራው ገብስና ባቄላ ነው፤ መሬቱን የሚያርሰው ግን በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። እህሉን አውድማ ላይ የሚያበራየው ከብት፣ ገበያ የሚያደርሰው አህያ፣ የባቄላውን ሽሮ የሚያበስለው ኩበት ነው። በሬው ሲያረጅም ጡረታ የለውም፤ ደልቦ ለሥጋ ይሸጣል።

«ሥጋ የሚበላ የሰውን እህል ይሻማል» ማለት በቆሎና አኩሪ አተር እየተቀለቡ ለሚደልቡ የውጭ አገር ከብቶች እውነት ነው። የመንዝ በግ ግን የሚያድገው ሰው በማይበላው ሣርና ገለባ ነው። ይህ ሲባል በጉ ምንም አያጎድልም ማለት አይደለም፤ ልቅ ግጦሽ የበዛበት ተዳፋት አፈሩ ታጥቦ ያልቃል። መንዞች ግን ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድራቸውን በአባቶቻቸው ሥርዓት ከልለው አቆይተውታል።

«ተክልም ነፍስ አለው፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ለክርክር ይመቻል። ተክል ሲቆረጥ ምላሽ ይሰጣል፤ ሕመም የሚሰማበት ነርቭና አንጎል ግን የለውም። በግ አለው። ለተክል አዝናለሁ የሚል ሰውም በጉ እስኪታረድ ስንት ሣር እንደጨረሰ ያስላ።

«ያለ ሥጋ ጉልበት የለም»? ባቄላና አተር ፕሮቲን አላቸው። ከተክል የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ እሱንም እንቁላልና ወተት ይሰጣሉ። ሽሮን የድሃ ምግብ ማለትም ደስ አይለኝም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ይፋት ሲወረድ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ ከአንድ ትሪ የሚያጎራርሳቸው ሽሮው ነው።

«ግፉ ያለው ቢላዋው ላይ ነው» ለሚሉም፣ በእኔ እምነት የባሰው ከዚያ በፊት ነው። ለበዓል ወደ አዲስ አበባ የሚጫን በግ እግሩ ተጠፍሮ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ ያለ ውኃ ሲንገላታ ይውላል። ገዢው ወገቡንና ላቱን ዳብሶ ዋጋ ይጠራል፤ እንዴት ተጭኖ እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።