ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ

ድምፁን ስትጨምሩና ስትቀንሱ ሬዲዮው “ኮሽ፣ ኮሽ” ካለ፣ ተበላሸ ብላችሁ በርካሽ ለመሸጥ አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአቧራ ነው። ከማዞሪያው ሥር እንደ ፈረስ ኮቴ የጎበጠ፣ ካርቦን የሚባል ጥቁር ነገር የተቀባ መንገድ አለ። በላዩ ትንሽ የብረት ምላስ ትሄዳለች። መሀላቸው አቧራ ሲገባ ምላሷ መንገዱን በደንብ አትነካም፤ ኤሌክትሪኩ ይቆራረጣል። ኮሽታው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ባትሪ ድንጋዩን አውጡ። ከዚያ ማዞሪያውን ከዳር እስከ ዳር 20 ወይም 30 ጊዜ መላልሳችሁ አዙሩት። ብዙ ጊዜ ይኸው ይበቃዋል፤ ገንዘብም አያስወጣ! ካልተሻለው ሬዲዮ ሠሪ ዘንድ ውሰዱት፤ ለዚሁ የተሠራ የሚረጭ ማጽጃ አለ። የምግብ ዘይት ግን ጠብ እንዳታደርጉበት፤ አቧራውን ይባስ ይሰበስባል። ካርቦኑ ተፍቆ ካለቀ ደግሞ ማጽዳት አይረዳውም፤ ማዞሪያው ከነመንገዱ ይለወጣል።