የጓሮ ጎመንና የጓሮ ጽጌረዳ በሒሳብ ሚዛን

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በማክሰኝት፣ ክረምቱ አልፎ ምድሩ ሲደርቅ የጓሮ አትክልት ሁሉ ሕይወቱ በባልዲ ውኃ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ቁራጭ መሬት ያለው ሰው ጽጌረዳ ልትከል ወይስ ጎመን ብሎ ሲያመነታ፣ የሚመርጠው በሁለት ተክሎች መካከል ብቻ ሳይሆን በውኃውና በጉልበቱ አዋዋልም ጭምር ነው።

አገራችን አበባን ወደ ውጭ ልካ ምንዛሪ ማግኘቷ እሙን ነው፤ ነገር ግን ያ ዋጋ ከጽጌው ውበት ብቻ የተገኘ ሳይሆን፣ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ከሚያቆየው ቀዝቃዛ መጋዘን፣ ከቦሌ ከሚነሣው አውሮፕላንና ከኔዘርላንድ የጨረታ ገበያ ጋር ተደምሮ የመጣ ነው፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ጨረታው ሲወድቅ፣ ለሽያጭ የደረሰ አበባ ገዢ አጥቶ ተጥሏል። የጓሮው ጽጌረዳ ደግሞ ከዚህ ሁሉ አንዱም የለውም።

የጎመኑ ነገር ሌላ ነው። ባለጓሮዋ ጎመኗን ገበያ አውጥታ ብትሸጥ የምታገኘው ነጋዴው የቆረጠላትን ዋጋ ሲሆን፣ ቀንጥሳ ለራሷ ማዕድ ብታውለው ግን የምታድነው ከጉልት የምትገዛበትን ዋጋ ነው፤ የማጓጓዣው፣ የደላላውና በመንገድ የጠወለገው ቅጠል ወጪ በሙሉ ለእርሷ ይተርፋል። የሐበሻ ጎመን ደግሞ ጫፉ ሳይነካ የታችኛው ቅጠሉ ብቻ ከተቀነጠሰ ደጋግሞ ስለሚያቀጥል፣ አንድ ጊዜ የተከለችውን ብዙ ሳምንት ትበላለች። ዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን የሚውለው በደረቁ ወራት በመሆኑ፣ ፈላጊው በርክቶ ውኃው በሚሳሳበት በዚያ ወቅት የጓሮው ቅጠል ከወትሮው የላቀ ዋጋ አለው፤ ባልዲውም በዚያው ልክ ይከብዳል፣ ይህን መካድ አይቻልም።

አበባ ከግቢ ይውጣ ማለቴ ግን አይደለም። ደስታም እንደ እንጀራ የሚገዛ ነገር ነውና፣ ዋጋውን አውቆ መክፈል ነው። ዕቃ የታጠበበት የሳሙና እጣቢ ለቅጠላ ቅጠል ባይስማማም ለአጥር ሥር ጽጌረዳ ስለሚበቃ፣ አበባው በዳር፣ ጎመኑ በመካከል ቢሆን ሁለቱ በንጹሕ ውኃ አይሻሙም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚዘልቀው ዘመነ ጽጌማ ሜዳው ራሱ ያለ ዋጋ ያብባል። ከጎመኑም ጥቂቱ ሳይቀነጠስ ቢተው ቢጫ አበባ አውጥቶ ንብ ይቀስመዋል፤ ዘሩ ለመጪው ክረምት ይቀመጣል፣ የተረፈውም ተወቅጦ ምጣድ ይታሰስበታል።